ወዝን በርካሽ መጠበቅ፦ ለደረቅና በቀላሉ ለሚቆጣ ቆዳ ቅባት ስለመምረጥ

የተከበራችሁ አድማጮች፣ በእሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ያውም በዚህ ብርድ፣ ስለ ቅባት ለመስማት ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ሥራዬ ፋርማሲስትነት ነው፤ የቆዳ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ የምነግራችሁ ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ያየሁትን፣ ያየሁትንም ለመረዳት ስል ያነበብሁትን ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች አብዛኛው «ለደረቅ ቆዳ ጥሩ ቅባት አላችሁ?» የሚል ነው። ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ግን ከጥያቄው ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ነው፦ «ውድም ቢሆን ግድ የለም፣ ብቻ ይሻለኝ።» እንዲህ ከሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ ዋጋው በእርግጥ ግድ የሚላቸው ናቸው።

ባለፈው ኅዳር አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። የልጁ ቆዳ በክርኑ እጥፋትና ከጉልበቱ በስተጀርባ ሻክሮ፣ በጥፍሩ የፎከተበት ቦታ ነጫጭ መስመር አውጥቶ ነበር። ሐኪም አይቶት ችፌ መሆኑን ነግሯታል፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት ጨርሷል፤ አሁን የምትፈልገው በየቀኑ የሚቀባውን ነው። ከቦርሳዋ ሦስት ዕቃ አውጥታ ባንኮኒው ላይ ደረደረችልኝ። አንደኛው አበባ አበባ የሚሸት የሕፃናት ሎሽን፣ ሁለተኛው በቅጠል ሥዕል ያጌጠ «ተፈጥሯዊ» ክሬም፣ ሦስተኛው ደግሞ እኅቷ ከውጭ አገር የላከችላት 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ቀጭን ቱቦ ነበረች። ቱቦዋን ለፊቱ ብቻ፣ እርሱንም በምስር ፍሬ መጠን እየቆጠበች እንደምትቀባው ነገረችኝ። ሦስቱ የወጣባቸው ገንዘብ ከመደርደሪያዬ ታችኛው ረድፍ ላይ ማንም ሳያየው የተቀመጠውን ሽታ አልባ ቫዝሊን፣ ትልቁን ዕቃ፣ ደጋግሞ ይገዛ ነበር።

ነገሩን ለመረዳት ከቆዳው መጀመር ያስፈልጋል። አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ «ወዝ» የሚል ድንቅ ቃል አለው፤ ወዙ የተሟጠጠ ፊት፣ ወዛም ቆዳ እንላለን፤ «ወዛደር» የሚለውም ከዚሁ የወጣ ነው። የቆዳችን የላይኛው ንጣፍ ከወረቀት የቀጠነ ሲሆን፣ የሞቱ ሕዋሳት እንደ ጡብ ከ15 እስከ 20 በሚደርስ ድርብ ተነባብረው፣ በመካከላቸው ያለው ስብ እንደ ሲሚንቶ ሆኖ ያያይዛቸዋል። ስቡ በዋናነት ሴራሚድ፣ ኮሌስትሮልና የስብ አሲዶች የሚባሉ ነገሮች ድብልቅ ነው። ከሰውነታችን ውስጥ ውሃ ሳናየው ቀን ከሌሊት በዚህ ግንብ በኩል ይተናል፤ ወዛችን በቦታው ካለ የሚተነው ጥቂት ነው፤ ስቡ ከታጠበ ወይም ከተፈጥሮው የሳሳ ከሆነ ግን ብዙ ይሆናል። በላይኛው ንጣፍ ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶው ከ10 እጅ በታች ሲወርድ ቆዳው መለጠጥ ያቅተዋል፤ አመድ ይለብሳል፣ ይፈረፈራል፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ በኩል ደግሞ ሳሙናው፣ ሽቶው፣ አቧራው ይገባና ቆዳው ይቆጣል። ስለዚህ «ደረቅ ቆዳ» እና «የሚቆጣ ቆዳ» ብለን ለየብቻ የምንጠራቸው ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ የአንድ መንገድ ሁለት ምዕራፎች ናቸው።

ከተማችን ደግሞ ለዚህ የተመቸች ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብለን፣ በበጋው ወራት ቀን በፀሐይ ሌሊት በደረቅ ብርድ እየተፈራረቅን እንኖራለን፤ አያቶቻችን «በጥቅምት አንድ አጥንት» ሲሉ ያሰቡት ለሆድ ቢሆንም ቆዳም የራሱን ድርሻ ይፈልጋል። በዚህ ላይ የምንታጠብበት ሳሙና አለ። የቆዳችን ፒኤች (ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነት መብዛቱን የሚያሳይ መለኪያ ነው) 5 ገደማ፣ ማለትም ለስለስ ያለ ኮምጣጣ ሲሆን፣ የተለመደው ድፍን ሳሙና ግን 9 ወይም 10 ይደርሳል። በቀን ሁለት ጊዜ በሙቅ ውሃና በሳሙና ተፈግፍጎ የወጣ ገላ ውድ ክሬም ቢቀባ እንኳ በአንድ እጅ እየገነቡ በሌላው እንደማፍረስ ነው። በሰው ቤት በረኪናና ዱቄት ሳሙና ሲነኩ የሚውሉ እኅቶቻችን፣ ከጅዳና ከዱባይ በስልክ የሚጠይቁኝም ጭምር፣ የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው፦ እጃቸው ነደደ፤ በአየር ማቀዝቀዣ የደረቀ ክፍል ውስጥ ሲያድሩ ደግሞ ባሰበት። ለእነርሱ ከቅባቱ በፊት ጓንት ይቀድማል።

አሁን ወደ ቅባቶቹ እንምጣ። ገበያ ላይ ያለው ሁሉ፣ ስሙና ዕቃው ምንም ያህል ቢለያይ፣ ከሦስት ሥራዎች አንዱን ወይም ሁሉንም ይሠራል፦ ከላይ ከድኖ ውሃ እንዳያመልጥ ያግዳል፣ ውሃን ስቦ ይይዛል፣ ወይም በጡቦቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ያለሰልሳል። ከከዳኞቹ ሁሉ የሚበልጠው ቫዝሊን ነው። ሮበርት ቼዝብሮ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1872 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ይህ የነዳጅ ዘይት ተረፈ ምርት፣ ከተገኘ ከ150 ዓመት በኋላም የቆዳን የውሃ ትነት እስከ 98 በመቶ ድረስ ሊቀንስ የሚችል፣ በዚህ ረገድም አቻ ያልተገኘለት ነገር ነው። በቀላሉ ለሚቆጣ ቆዳ ግን ሌላ ጸጋ አለው፤ ብዙ ሰው ልብ የማይለውም ይህን ነው። ቫዝሊን ውስጥ ውሃ የለም። ውሃ በሌለበት ባክቴሪያና ሻጋታ አይባዙም፤ ስለዚህም መጠበቂያ ኬሚካል አይጨመርበትም። ሎሽን ግን አብዛኛው አካሉ ውሃ በመሆኑ ያለ መጠበቂያ ሊቆይ አይችልም፤ ቆዳን ከሚያስቆጡት ነገሮች መካከል ከሽቶ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ደግሞ እነዚሁ መጠበቂያዎች ናቸው። ሎሽን ስትገዙ የገንዘባችሁ ትልቁ ድርሻ ለውሃ እንደሚወጣም በዚሁ አስታውሱ።

«ቫዝሊን ያጠቁራል» የሚለውን በየዕለቱ እሰማዋለሁ። ቫዝሊን ቆዳን የሚያጠቁርበት መንገድ የለም። የሚያብለጨልጭ ቆዳ ጠቆር ብሎ መታየቱ እውነት ነው፤ ፀሐይንም አይከላከልም፤ ጠዋት ተቀብቶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ቢጠቁር ያጠቆረችው ፀሐይዋ ናት። እውነተኛ ጉድለቶቹ ሌሎች ናቸው፤ ይጣበቃል፣ አቧራ ይይዛል፣ ልብስ ያበላሻል፣ ወዛምና ብጉር የሚበዛበት ፊት ላይ ደግሞ አይመችም። ስለዚህ ለእጅ፣ ለእግርና ለሌሊት ቫዝሊን፣ ለቀንና ለፊት ቀለል ያለ ሽታ አልባ ክሬም ብሎ መክፈል ይቻላል። ሲገዙ ግን ሮዝ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተነከረውንና የሚሸተውን መተው ነው፤ ያንን የሚለየው ቀለሙና ሽቶው ብቻ ነውና።

ውሃን ከሚስቡት መካከል በርካሽነቱ የሚታወቀው ግሊሰሪን ነው። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና ወደ አገራችን ሲገባ የእጅ ማጽጃ አልኮል የምንቀምመው በዓለም የጤና ድርጅት ቀመር ነበር፤ በዚያ ቀመር ውስጥ ከ80 በመቶው አልኮል ጋር 1.45 በመቶ ግሊሰሪን አለ። ተዋሲያንን በመግደል ረገድ ግሊሰሪኑ ምንም አይጨምርም፤ የገባው የእጃችን ቆዳ እንዳይሰነጠቅ ብቻ ነው። ከዚህ የበለጠ የገረመኝ ግን በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት ነው። በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው፣ የያዛቸው 193 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን እግሩን እንደቀድሞው ሲንከባከብ፣ ለሁለተኛው ወገን በመዘፍዘፊያው ውሃ ላይ 2 በመቶ ግሊሰሪን ተጨመረለት፤ የመዘፍዘፊያው ውሃም ከ6 ሊትር ወደ 1 ሊትር ተቀነሰ። ግሊሰሪን ያገኙት ሰዎች ቆዳ ውሃን በመያዝ በልጦ ተገኘ። ውሃ በእንስራ ከሩቅ ለሚቀዳበት ቤት አምስት ሊትር ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። የዚያ ልዩነት ምክንያት በየመድኃኒት ቤቱ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ግሊሰሪን ነው።

ይሁን እንጂ ግሊሰሪንን ሳይቀጥኑ በደረቅ አየር ላይ መቀባት ስሕተት ነው። ውሃ ይስባልና፣ ከአየሩ የሚስበው ሲያጣ ከራሱ ከቆዳው ይስባል። በሎሚ መቀየጥም ሌላ የተለመደ ጥፋት ነው፤ የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ተቃጥሎ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ጥቂት ግሊሰሪን እርጥብ ገላ ላይ ቀብቶ፣ በላዩ ስስ ቫዝሊን መደረብ የሁለቱን ጥቅም በአንድ ጊዜ ይሰጣል።

ውዶቹስ? ሴራሚድ ያለባቸው ክሬሞች ጥሩ ናቸው፤ አቅሙ ያለው ሰው ቢገዛቸው አልከለክልም። ዩሪያ የሚባለው ውሃ ሳቢ ንጥረ ነገር ከ5 እስከ 10 በመቶ ያለበት ክሬም ደግሞ ለተረከዝ ንቃቃትና እንደ ቅርፊት ለሻከረ ቆዳ የሚያስደስት ውጤት አለው፤ በተላጠ ቦታና በሕፃን ቆዳ ላይ ግን ያቃጥላል። ሆኖም እንግሊዝ አገር ውስጥ ችፌ ያለባቸውን 550 ሕፃናት በአራት ከፍሎ ሎሽን፣ ክሬም፣ ጄልና ውሃ የሌለው ድፍን ቅባት ያነጻጸረው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት በአራቱ መካከል የውጤት ልዩነት አላገኘም። የተለያየው የወላጆችና የልጆች ምርጫ ነበር፤ አንዱ የወደደውን ሌላው ጠላው። እኔ ከዚህ የምረዳው ሰው ሳይሰለች፣ ሳይሰስትም የሚቀባውን መግዛት እንዳለበት ነው። ውድ ዕቃ ያሰስታል፤ በምስር ፍሬ መጠን የምትቀባዋን እናት አስታውሱ።

ሽፋኑ ላይ ያለው ቃል ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በኢንተርኔት በብዛት የሚሸጡ 174 ማለስለሻዎችን ንጥረ ነገር አንድ በአንድ ሲመረምር፣ ከታወቁት የአለርጂ ቀስቃሾች ነጻ ሆነው የተገኙት 12 በመቶ ብቻ ነበሩ። «ሽቶ የለውም» ከሚሉት ውስጥ 45 በመቶው ከሽቶ ጋር የሚዛመድ ወይም ከዕፅዋት የተቀመመ ነገር ነበረባቸው፤ «አለርጂ አያስነሳም» ከሚሉትም 83 በመቶው ቢያንስ አንድ ቀስቃሽ ይዘው ተገኙ። ስለዚህ ፊት ለፊት የተጻፈውን ትታችሁ ዕቃውን ገልብጡት። «ፍራግራንስ» ወይም «ፓርፉም» የሚል ቃል ካለ መልሳችሁ አስቀምጡ። ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የሚባለውን የመጠበቂያ ኬሚካል ረጅም ስም ካያችሁም እንዲሁ፤ የአውሮፓ ኅብረት ከቆዳ ላይ ታጥበው በማይወገዱ መዋቢያዎች ውስጥ እንዳይገባ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከልክሎታል። ዝርዝሩ ባጠረ ቁጥር የሚያስቆጣው ነገር የመኖሩ ዕድል ያንሳል። ከበግ ፀጉር የሚወጣው ላኖሊን ለብዙ ሰው መልካም ነው፤ ለጥቂቶች ግን ያሳክካል።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። ለዓመታት «አኩየስ ክሬም» የተባለውን ርካሽ ነጭ ክሬም ለደረቅ ቆዳ ቀብታችሁ ተውት እያልሁ ስመክር ነበር፤ የተማርሁት እንደዚያ ነበርና። በውስጡ ግን በሳሙናና በሻምፑ ውስጥ የሚገባው ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት አለ፤ የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2013 በተለይ ችፌ ያለባቸውን ሕፃናት ሊያቃጥል እንደሚችል አስጠንቅቋል። «ሲቀባ ያለቅሳል» ያለችኝን አንዲት አያት «ይለምደዋል» ብዬ የመለስኋት ትዝ ሲለኝ ዛሬም አፍራለሁ።

ከቤታችን ስላለው ነገርም ትጠይቁኛላችሁ። የለጋ ቅቤ ወዝነት አይካድም፤ ጤነኛ ቆዳ ላይ ቢቀባ ይከድናል፤ በተሰነጠቀና በቆሰለ ቆዳ ላይ ግን ንጽሕናው የማይታወቅ ቅቤ ባልቀባ እመርጣለሁ። በጤና አዳም የተነጠረው ደግሞ ለፀሐይ የሚጋለጥ ቆዳ ላይ ጨርሶ አይሁን፤ ጤና አዳም ከሎሚ ጋር አንድ ዓይነት ጠባይ አለው፣ ከፀሐይ ጋር ተባብሮ ያቃጥላል። የወይራ ዘይት ውድ ስለሆነ ጥሩ ይመስለናል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ በጥቂት በጎ ፈቃደኞች ላይ የተደረገ ሙከራ የወይራ ዘይት የቆዳውን ግንብ ሲያሳሳ፣ የሱፍ አበባ ዘይት ግን እንዳልነካው አሳይቷል። በጋምቤላ ከሚበቅለው፣ ሺ ከሚባለው ዛፍ ፍሬ የሚወጣው ቅቤም ሽቶ ካልተጨመረበት ጥሩ ለስላሽ ነው።

ርካሽ ስል ግን ያለ ዝርዝር የሚሸጠውን ማለቴ አይደለም። «ያለሰልሳል፣ ያፈካል» ተብሎ በየሱቁ ከሚሸጠው መካከል እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ (የቆዳን ቁጣ የሚያፍን መድኃኒት)፣ አንዳንዴም ሜርኩሪ ያለበት አለ። በሳምንት ውስጥ ማሳከኩን ጸጥ ሲያደርገው ተአምር ይመስላል፤ ወራት ሲያልፉ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሩ ይታያል፣ ሲያቆሙትም እንደ እሳት ይነዳል። በውስጡ ያለው ነገር ያልተጻፈበት ዕቃ በነጻም ቢሰጣችሁ ውድ ነው።

ዋጋን ለማነጻጸር ዕቃውን ትታችሁ ግራሙን ቁጠሩ። ለምሳሌ ያህል 50 ሚሊ ሊትር በ400 ብር ቢሸጥ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 8 ብር ነው፤ 250 ግራም በ500 ብር ቢሸጥ ግን አንዱ ግራም 2 ብር ነው፤ በዓይን ሲታይ «ውድ» የነበረው ሁለተኛው ነበር። መጠኑም ወሳኝ ነው። ከጠቋሚ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የተዘረጋ ቅባት ግማሽ ግራም ገደማ ሲሆን፣ የሚሸፍነው የሁለት መዳፍ ስፋት ያህል ነው። ችፌ ላለበት ሕፃን የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ በሳምንት ከ250 እስከ 500 ግራም ይመክራል። በዚህ ስሌት ያቺ ከውጭ የመጣች ቱቦ ሁለት ቀን አትሞላም።

ጊዜው ደግሞ ምንም ዋጋ አያስከፍልም። በለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናውን ለብብት፣ ለብልት አካባቢና ለእግር ብቻ አድርጎ ፈጥኖ መታጠብ፣ በፎጣ ሳይፈትጉ ጫን ጫን እያደረጉ ማድረቅ፣ ገላው ገና እርጥብ ሳለ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የገላው ፀጉር በተኛበት አቅጣጫ መቀባት ነው። ከዕቃው በንጹሕ ማንኪያ ማውጣት፤ በጣት ከተጠነቆለ የሚገባበት ነገር ብዙ ነው። አዲስ ቅባት ስትጀምሩ በክርን እጥፋት ላይ ጥቂት ቦታ ብቻ ለሳምንት ያህል በቀን ሁለት ጊዜ ሞክሩት፤ ካልቀላና ካላሳከከ ቀጥሉ።

ሁሉም ነገር ድርቀት እንዳልሆነ ግን ልብ በሉ። ሌሊት ሌሊት የሚብስና ቤተሰቡን በሙሉ የሚያዳርስ ማሳከክ እከክ ሊሆን ይችላል፤ በቫዝሊን አይድንም። ስሜት የሌለው የደበዘዘ ቦታ፣ የሚያዥና ቢጫ ቅርፊት የሚያወጣ ቁስል፣ በየጊዜው እየሰፋ የሚሄድ ክብ ሽፍታ ካያችሁ የጤና ባለሙያ ይይላችሁ። ሌላው እሳት ነው። ቅባት የጠጣ ጋቢ፣ ነጠላና አንሶላ እሳት ሲነካው ቶሎ ይቀጣጠላል፤ የብሪታንያው ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህንኑ አስጠንቅቋል፤ እጥበትም ቅባቱን ከጨርቁ ሙሉ በሙሉ አያወጣውም። ተቀብቶ ከምድጃና ከከሰል ዳር የሚቀመጥ ሰው፣ ጧፍ ይዞ የሚቆምም እንዲሁ፣ ይህን ይወቅ።

ያቺ እናት በዚያ ቀን ሎሽኑንና የቅጠሉን ክሬም ለራሷ እጅ አቆየቻቸው፤ ለልጁ ትልቁን ሽታ አልባ ቫዝሊንና አንድ ጠርሙስ ግሊሰሪን ገዛች። በሦስተኛው ሳምንት ስትመለስ የክርኑ እጥፋት ለስልሶ ነበር፤ የጉልበቱ ገና ይቀረዋል። ቫዝሊኑ ግን አልቆ ነበር፤ ደስ ያለኝ ይኸኛው ነው።

አሁን ይዛችሁ የመጣችሁትን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡልኝ። ማጉያ መነጽር አምጥቻለሁ፤ ከኋላ ያለውን ጽሑፍ አንድ በአንድ አብረን እናነበዋለን።